ከሰርቪስ በኋላ የሚጠፋ ሞተር
ባለ ካሚዮን ነጋዴ አዲስ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ሊመረምረው የሚገባ ነገር

በጌዴኦ አገር በፍስሐ ገነትና በአካባቢዋ ቡና የሚለቀምበት ወራት ሲደርስ፣ ይኸውም ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ የካሚዮን ሥራ ዕረፍት የለውም። በየቀበሌው የተሰበሰበው እሸት ቡና ማምሻውን እየተጫነ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ይሄዳል፤ የደረቀውም ቡና በይርጋ ጨፌና በዲላ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። እሸት ቡና በባሕርዩ ትዕግሥት የሌለው ዕቃ ነው። በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ በጆንያው ውስጥ እንዳለ ይሞቃል፤ መቡካትም ይጀምራል። በማግሥቱ ቢፈለፈል እንኳ የተበላሸው ጣዕሙ አይመለስም፤ በጥሩ የታጠበ ቡና ዋጋ ሊሸጥ የታሰበውም በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ካሚዮን ጭነቱን እንደ ያዘ ዳገት ላይ ቢቆምና ሞተሩ አልነሣ ቢል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚያደርሰው ኪሣራ የመካኒክ ዋጋ ብቻ አይደለም።

ይህን የሚያውቅ ነጋዴ የቡናው ወራት ከመድረሱ በፊት ካሚዮኑን ወደ ጋራዥ ልኮ ሰርቪስ ያስደርጋል። ልማዱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ብዙ ባለ ካሚዮኖችን የሚያስደንቅና የሚያስቈጣ አንድ ነገር አለ። እየሠራ ወደ ጋራዥ የገባው ካሚዮን፣ ዘይቱ ተለውጦ፣ ፊልትሮው ታድሶ፣ ቫልቩ ተስተካክሎ ከወጣ በኋላ፣ ቀድሞ ያልነበረበትን አመል ያመጣል፤ በመንገድ ላይ በድንገት ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ «መኪናው አርጅቷል» ይላል፤ መካኒኩ ደግሞ «የናፍታ ፖምፓው አልቋል፣ ይለወጥ» ይላል። ፖምፓው ተገዝቶ ይለወጣል፤ ሞተሩ ግን እንደ ገና ይጠፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ከሰርቪስ በፊት ደኅና ይሠራ የነበረ ሞተር ከሰርቪስ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እጅ በነካው ቦታ ነው። ዕድሜ ሞተርን የሚያደክመው ቀስ በቀስ ነው እንጂ ሰርቪስ በተደረገበት ዕለት በድንገት አይደለም። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ከመግዛት አስቀድሞ የተፈታውን፣ የተለወጠውንና የተጠበቀውን ሁሉ በተራ መመርመር ያስፈልጋል። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በግምት የሚገዛ ዕቃ አለመሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፤ መቼ ይጠፋል?

መካኒኩ ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ሾፌሩን በጥሞና መጠየቅ ይገባዋል። ሞተሩ የሚጠፋበት ጊዜ ለምክንያቱ ጥሩ ምስክር ነው።

ጠዋት ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የሚጠፋ እንደ ሆነ በናፍታው መስመር ውስጥ አየር ገብቷል ተብሎ ይጠረጠራል። በቀዝቃዛነቱ ደኅና ሠርቶ ከሞቀ በኋላ የሚጠፋና እስኪበርድ ድረስ የማይነሣ ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ከመጠን በላይ ጠብቦ ሊሆን ይችላል። እግር ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ሲነሣ ወይም መኪናው ሊቆም ሲል የሚጠፋ ከሆነ፣ መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት ዝቅተኛው የሞተር ፍጥነት ዝቅ ብሎ ተስተካክሏል ማለት ነው። በዳገት ላይ ጭነት እንደ ያዘ ኃይሉ እየደከመ የሚጠፋ ከሆነ ነዳጅ በበቂ መጠን አይደርሰውም፤ ወይም አየር ያጥረዋል። ምንም የመድከም ምልክት ሳያሳይ፣ ቁልፉ እንደ ተዘጋ ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የላላ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የሞተር ማጥፊያው ገመድ ይታይ።

የናፍታ ሞተር

በኢትዮጵያ ጭነት የሚሸከሙት መኪናዎች አብዛኞቹ በናፍታ የሚሠሩ ናቸው። ዛሬ በየገጠሩ የሚታዩት አይሱዙዎችም፣ ለረጅም ዘመን የአገሪቱን ጭነት የተሸከመውና «ኤንትሬ» እየተባለ የሚጠራው ባለ 6 ሲሊንደር ፊያት 682 ኤን 3ም የናፍታ ሞተር አላቸው። የናፍታ ሞተር ካንዴላ አያስፈልገውም። አየሩ በሲሊንደር ውስጥ በኃይል ሲጨመቅ ይግላል፤ ፖምፓው በከፍተኛ ግፊት የሚልከው ናፍታ በኢንጀክተሩ በኩል ሲረጭ በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። እንግዲህ በመስመሩ ውስጥ ከናፍታው ጋር አየር ቢገባ፣ አየር የሚጨመቅ ነገር ስለ ሆነ የፖምፓው ግፊት በእርሱ ላይ ይባክናል፤ ኢንጀክተሩ አይከፈትም፤ ሞተሩም ይጠፋል።

ከሰርቪስ በኋላ አየር የሚገባበት ቦታ ብዙውን ጊዜ የተለወጠው የናፍታ ፊልትሮ ነው። የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ከተቀመጠበት ሳይነሣ አዲሱ በላዩ ተደርቦ ሊታሰር ይችላል፤ ወይም ቀለበቱ ተጣሞ ይቀመጣል። የቱቦው ቡሎን ሲፈታ አሮጌው የመዳብ ሮንዴላ እንደ ገና በሥራ ላይ ይውላል፤ አንድ ጊዜ የተጨፈለቀ ሮንዴላ ግን ዳግመኛ በደንብ አይዘጋም። የጎማ ቱቦውም ፋሼታው በሚገባ ሳይጠበቅ ይቀራል። በዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከማጠራቀሚያው እስከ መጋቢው ፖምፓ ያለው መስመር ናፍታን የሚስብ ስለ ሆነ፣ ቀዳዳ ቢኖረው ናፍታ ወደ ውጭ ላይንጠባጠብ ይችላል፤ በአንጻሩ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ «የሚያፈስ ነገር አላየሁም» ማለት በቂ ማስረጃ አይሆንም።

አየር መኖሩን ለማወቅ ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በፊልትሮው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ጥቂት አላልቶ በእጅ የሚገፋውን ፖምፓ መግፋት ነው። አረፋ ያለበት ናፍታ ከወጣ አየር ነበረበት፤ አረፋው እስኪያልቅና ንጹሕ ናፍታ እስኪወጣ ድረስ ተገፍቶ ቡሎኑ ይጠብቃል። ሞተሩ ከዚህ በኋላ ሠርቶ በማግሥቱ እንደ ገና ከጠፋ፣ አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ አልተዘጋም ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ በቆመ መኪና ላይ የሚደረግ ነው። ንጹሕ ናፍታ የያዘ ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ ባለ ቦታ በደንብ ታስሮ ይቀመጥና፣ የሚስበውም የሚመልሰውም ቱቦ ወደዚያ ይገባል። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ቢሠራ ፖምፓው ደኅና ነው፤ ጉድለቱ ያለው ከማጠራቀሚያው እስከ ፖምፓው ባለው መስመር ውስጥ ነው። ይህ ትንሽ ፈተና አንድን ነጋዴ የፖምፓ ዋጋ ሊያተርፈው ይችላል። ነገር ግን በቤንዚን ሞተር ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ እሳት ያስነሣልና።

የማጠራቀሚያው ክዳንም መረሳት የለበትም። ናፍታው ሲቀንስ በምትኩ አየር የሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ በክዳኑ ወይም በአጠገቡ አለች። ይህች ቀዳዳ በጭቃ ብትደፈን፣ ወይም የጠፋው ክዳን ቀዳዳ በሌለው ቢተካ፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ባዶነት እየተፈጠረ ናፍታው መሳብ ያቅተዋል። ሞተሩ በጠፋ ጊዜ ክዳኑ ሲከፈት የፉጨት ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ ምክንያቱ ተገኘ።

ፊልትሮው አዲስ ሆኖ ሳለ ቶሎ የሚደፈን ከሆነ በማጠራቀሚያው ሥር ውኃና ዝቃጭ መኖሩን ያመለክታል። ለብዙ ዓመት ተረጋግቶ የቆየ ዝቃጭ ማጠራቀሚያው ሲነካ ተነሥቶ ወደ መስመሩ ይገባል። በዚህ ጊዜ መፍትሔው ሁለተኛ ፊልትሮ መግዛት ብቻ ሳይሆን ማጠራቀሚያውን ከሥሩ ማፍሰስና ማጠብ ነው።

የቫልቭ ክፍተት የሚለካው በቀጭን የብረት ቅጠል ሲሆን፣ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ሞተር ሲሞቅ ብረቱ ይረዝማል፤ ክፍተቱ የተተወውም ለዚሁ ነው። ድምፅ እንዳይሰማ ተብሎ ክፍተቱ ከተጠበበ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የተጨመቀው አየር ያመልጣል፤ ሞተሩም ይጠፋል። በዚሁ ሁኔታ ብዙ ከተሠራ ቫልቩ ይቃጠላል። ጥቂት የሚሰማ የቫልቭ ድምፅ ከፍጹም ዝምታ ይሻላል የሚባለው ስለዚህ ነው። ክፍተቱ በብርድ ወይም በሙቀት ይለካ እንደ ሆነ የሞተሩ ሠሪ በመጽሐፉ የጻፈውን መከተል ግዴታ ነው።

የሚቀሩት ነገሮች ቀላል ቢመስሉም የሚናቁ አይደሉም። የሞተር ማጥፊያው ገመድ እስከ መጨረሻው መመለሱ፣ የማጥፊያው ሽቦ በንዝረት አለመላላቱ፣ የመሳቢያና የመመለሻ ቱቦዎች ቦታቸውን አለመለዋወጣቸው፣ አዲሱ የአየር ፊልትሮ በልኩ መሆኑ ይታይ። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ በአየር መሳቢያው አፍ የተወተፈ ጨርቅም ተረስቶ ሊቀር ይችላል። ሚኒሞውን ለማስተካከል ሲባል በፖምፓው ላይ ሠሪው ያተመውን ቡሎን መንካት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ያ ቡሎን የሚስተካከለው በመፈተኛ መሣሪያ ላይ ብቻ ነው።

የቤንዚን ሞተር

በካርቡራቶር የሚሠሩ አሮጌ የቤንዚን መኪናዎች ቁጥራቸው ቢያንስም ገና አልጠፉም። በእነዚህ ላይ ምርመራው በሁለት ይከፈላል፤ እሳትና ነዳጅ።

በእሳቱ በኩል መጀመሪያ የሚታየው ፑንቲና ነው። ክፍተቱ በብዙ አሮጌ ሞተሮች 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አዲስ ፑንቲና ሲገባ ጉብታውን የሚነካው ክፍል ቅባት ካልተደረገለት ቶሎ ይበላል፤ ክፍተቱም ይጠብባል፤ እሳቱ ይዘገያል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ይጠፋል። በሰርቪሱ ዕለት ደኅና ሠርቶ ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር በኋላ የሚጠፋ ሞተር ብዙ ጊዜ ይህ ያጋጥመዋል። የፑንቲናው ፊት ቶሎ ከተቃጠለ ኮንደንሰሩ ይጠረጠር። ዲስትሪቢውተሩን የሚይዘው ቡሎን ካልጠበቀም በመንገዱ ንዝረት እየዞረ ሰዓቱን ያዛባል። የካንዴላ ሽቦዎች ተለዋውጠው ቢታሰሩ ሞተሩ እየተንተፋተፈ ይሠራል፤ ወይም ጨርሶ አይሠራም።

በነዳጁ በኩል ካርቡራቶሩ ሲፈታ ሳይመለስ የቀረ ቀጭን የጎማ ቱቦ፣ ወይም የተቀደደ ጓርኒሲዮን፣ ያልተለካ አየር ያስገባል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ በፍጥነት ሲሄድ ደኅና ይሠራል፤ ሚኒሞ ላይ ሲደርስ ግን ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን በካቻቢቴ ሚኒሞውን ከፍ በማድረግ ሊሸፍነው ይሞክራል፤ ጉድለቱ ግን እንዳለ ይቆያል፤ ቤንዚንም ይባክናል።

የአገሩም ከፍታ በሚገባ መታሰብ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን፣ ዲላ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ይርጋ ጨፌ ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚያ የተስተካከለ ካርቡራቶር ወደ ዲላ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ ይሳሳል፤ ሚኒሞውም ሊደክም ይችላል። በዲላ የተስተካከለው ደግሞ ወደ ደጋ ሲወጣ ቤንዚኑ ይበዛበታልና ካንዴላውን ያጠቍራል። እንግዲህ ካሚዮኑ በሚሠራበት አገር ከፍታ እንዲስተካከል ማድረግ የተሻለ ነው። በናፍታ ሞተርም ቢሆን፣ በደጋ ኃይል አነሰው ተብሎ ናፍታ ቢጨመርለት ጥቍር ጭስ ያበዛል እንጂ የሚረባ ኃይል አያገኝም፤ የሚያጥረው አየር ነውና።

በመንገድ ላይ ጥንቃቄ

ሞተር በቁልቁለት ላይ ሲጠፋ አደጋው ከኪሣራው ይበልጣል። መሪው ይከብዳል፤ የፍሬኑም አጋዥ ኃይል ይቀንሳል። በአየር ፍሬን የሚሠራ ካሚዮን ከሆነ ፔዳሉ በተረገጠ ቍጥር የተጠራቀመው አየር እያለቀ ይሄዳል። ስለዚህ ሾፌሩ ፍሬኑን ደጋግሞ ሳይመታ በአንድ ረገጣ አጥብቆ መኪናውን ያቁም፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳብ፤ ረዳቱም ወዲያው ከጎማው ሥር ታኮ ያድርግ። የሚጠፋ ሞተር ያለውን መኪና በፎሌ ቁልቁል መልቀቅ የሰው ሕይወት ማስጠፋት ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅና ሳይወገድ ጭነት መጫንም አይገባም።

ነጋዴው ሊያደርገው የሚችለው

ባለቤቱ መካኒክ ባይሆንም ከዚህ ሁሉ ችግር የሚበዛውን አስቀድሞ ሊከላከል ይችላል። በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ካሚዮን አንድ መዝገብ ይኑረው። በመዝገቡም ሰርቪሱ የተደረገበት ቀን፣ የኪሎሜትሩ ቍጥር፣ የተፈታው ነገር፣ የተለወጠው ዕቃና የሠራው ሰው ይጻፍ። ችግር ሲመጣ ምርመራው ከመዝገቡ የመጨረሻ መስመር ይጀመራል። ያለ መዝገብ የሚደረግ ምርመራ በጨለማ የወደቀ መርፌ እንደ መፈለግ ነው።

ሁለተኛ፣ የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ሁሉ ለባለቤቱ ይመለስ። አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን ሲታዩ የመጠንና የጥርስ ልዩነት ወዲያው ይታወቃል፤ አዲሱ ተበላሽቶ ቢገኝም አሮጌውን ለጊዜው መልሶ መፈተን ይቻላል። ሦስተኛ፣ ሰርቪሱ እንዳለቀ ሒሳብ ከመከፈሉ በፊት ካሚዮኑ ጭነት ይዞ፣ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ይፈተን። በጋራዥ በር ላይ አምስት ደቂቃ የተሰማ የሞተር ድምፅ ፈተና አይባልም። አራተኛ፣ ሰርቪሱ የቡናው ለቀማ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይደረግ፤ ጉድለት ካለ በባዶ መኪና ይታወቃልና።

መለዋወጫ የሚሸጡ ባለ ሱቆችና አስመጪዎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከውጭ ዕቃ ሲታዘዝ የመኪናውን ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ካሚዮኖች ልዩ ልዩ ሞተር ሊኖራቸው ይችላል። በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ የሞተሩ ዓይነትና ቍጥር፣ የአሮጌው ዕቃ ቍጥርም ይጻፍ። በየጋራዡ የሚነገሩት ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፊልትሮ፣ ሮንዴላ የሚሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ስለ ሆኑ፣ ወደ ሌላ አገር በሚላክ ትእዛዝ ላይ ስሙ ቢያሳስት ቍጥሩ አያሳስትም። ደግሞም ብዙ አስመጪ ትልልቁን ዕቃ ሲያመጣ የመዳብ ሮንዴላውን፣ የጎማ ቀለበቱንና ፋሼታውን ይረሳል። በገጠር ከተማ አሮጌ ሮንዴላ ተመልሶ የሚታሰረው አዲሱ በሱቅ ስለማይገኝ ነው። ፊልትሮ የሚሸጥ ባለ ሱቅ የሚስማማውን ቀለበትና ሮንዴላ አብሮ ቢያቀርብ ትርፉም ይጨምራል፤ ደንበኛውም ከመንገድ ላይ መቆም ይድናል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ሞተሩ በጠፋ ቍጥር ወደ ሱቅ የሚሮጥ ባለ ካሚዮን ዋጋውን ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ከፍስሐ ገነት ኮረብታዎች እሸት ቡና ጭኖ ማምሻውን የሚነሣ ካሚዮን ሌሊቱ ሳይገፋ ከመፈልፈያው መድረስ አለበት። ያን ካሚዮን ሊያቆመው የሚችለው ብዙ ጊዜ ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና የማይበልጥ የመዳብ ቀለበት ነው፤ እርሱም የሚገኘው መጨረሻ እጅ በነካው ቦታ ነው።